የሽታዬ ቢስክሌት

ዘውገ ያንን ቢስክሌት የመረጠው ለሚስቱ ብሎ አልነበረም፤ ለቤቱም ብሎ አልነበረም። የመረጠው ደባሱን ለማቃጠል ነው። ሰው ጠላቱን ለማቃጠል ሲል የገዛ ቤቱን ሲለኩስ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ዘውገ ማለት እሱ ነው።

ነገሩ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጣ ሲል የሆነ ነው። በድርቁ ጊዜ ላሊበላ ላይ እህል ሲያከፋፍሉ የነበሩት ፈረንጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሲሄዱም ከመጋዘኑ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይመላለሱባቸው የነበሩትን ሁለት ቢስክሌቶች ለሁለቱ ዘበኞች ትተው ሄዱ። ሁለቱ ዘበኞች ዘውገና ደባሱ ናቸው። አንዱ ቢስክሌት ጥቁር፣ ረጅም፣ ከመቀመጫው እስከ መሪው አግዳሚ ብረት የተዘረጋበት ነው። ሌላው አረንጓዴ፣ አጠር ያለ፣ አግዳሚ የሌለው፣ ወገቡ ዝቅ ያለና ፊቱ ላይ ቅርጫት የታሰረለት ነው። ሁለቱም ከኋላቸው ዕቃ መጫኛ አላቸው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሙሉሃብት ጠብ አይወድም ነበርና፣ «ዘውገ በሥራ ስለሚቀድም ነገ እሱ ይመርጣል፤ የቀረውን ደባሱ ይወስዳል» ብሎ ወሰነ።

የዘውገ ሚስት ስሜነሽ ይህን እንደሰማች ባሏን እራት አቅርባ ትመክረው ጀመር።

«ስማኝ እንግዲህ፤ አረንጓዴውን ውሰድ። እኛ የምንፈልገው ለገበያ ነው፣ ለወፍጮ ነው፣ ለእማየ ነው። ቀሚስ ለብሸ የምወጣበት፣ አሮጊት የሚቀመጥበት ይሁን። ጥቁሩ የጎረምሳ ነው።»

«እሽ» አለ ዘውገ፣ ጉርሻውን እያላመጠ።

በማግስቱ መጋዘኑ ደጃፍ ሲደርስ ደባሱ ቀድሞት መጥቷል። ጥቁሩን ቢስክሌት እንደ በቅሎ አንገት በመዳፉ እያሻሸ ቆሟል። ዘውገ ይህን አየ። ትናንት ማታ ያለው እሽታ እዚያው ፈሰሰ።

«ጥቁሩን» አለ ለሙሉሃብት፣ ደባሱን እያየ።

የሁለቱ ቂም ከድርቁ ይጀምራል። ደባሱ ያኔ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበር። ለሰፈራ ሰው ሲሰበሰብ የዘውገ ታናሽ ወንድም ደሞዝ ፍላቂት ገበያ እህል ፍለጋ ሄዶ ሲመለስ ተያዘና በጭነት መኪና ወደ መተከል ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ዘውገ «የጠቆመው ደባሱ ነው» ይላል። ደባሱ «እኔ ጠመንጃ ይዤ ቆምሁ እንጂ ማንንም አልጠቆምሁም» ይላል። ጠመንጃ ይዞ መቆም ትንሽ ነገር ይመስል! እውነቱን እግዜር ይወቀው፤ ዘውገ ግን «ከደባሱ ጋር አንድ ቃል ብነጋገር የደሞዝን ሥጋ እንደ በላሁ ይቆጠርብኝ» ብሎ በሰው ፊት ምሏል። አንዱ የቀን፣ አንዱ የማታ ዘበኛ ናቸውና የመጋዘኑን ቁልፍ መቀባበል ግድ ነበር። የሚቀባበሉት በድንጋይ ነው። አንዱ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ አስቀምጦ ፈቀቅ ይላል፤ ሌላው መጥቶ ያነሳል። ይህን ሁለት ዓመት ሲያደርጉ ሙሉሃብት እንኳ ለመሳቅ አልደፈረም።

ሚስቶቹ አልማሉም። ቢሆንም ቂም ከባል ወደ ሚስት ለመሄድ መሐላ አያስፈልገውም። ስሜነሽና የደባሱ ሚስት ሽታዬ ጎረቤት ናቸው፤ ድሮ እርሾ ሲያልቅባቸው የሚበዳደሩ፣ ልጅ ሲታመም አብረው የሚያድሩ ነበሩ። አሁን ቦኖ ውኃ ላይ ሲገናኙ አንዷ ሰማይ፣ አንዷ እንስራዋን ታያለች።

ዘውገ ጥቁሩን ቢስክሌት እየነዳ ሰፈር ሲገባ ስሜነሽ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ምን ብየህ ነበር?»

«ደባሱ ሊወስደው ነበር እኮ!»

«ይውሰደዋ! ደባሱ እሳት ሊውጥ ቢል ቀድመህ ትውጥለታለህ?»

ዘውገ ደወሉን አንቃጨለ።

ስሜነሽን እንዲህ ያንጨረጨራት የእናቷ ነገር ነው። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት። ጉልበት በነበራቸው ዘመን የሰፈሩ አዋላጅ ነበሩ፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው ከአልጋ እስከ ደጅ ብቻ ያደርሳቸዋል። በየዓመቱ ኅዳር ሦስት ቀን ነአኩቶ ለአብ ሄደው ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጸበል ሳይጠጡ ቀርተው አያውቁም ነበር። የሚሄዱባትን በቅሎ ድርቁ በላት። አምናም ካቻምናም ቀሩ። ጎረቤት በቃሬዛ እንውሰድዎት ቢላቸው፣ «በቃሬዛ የምወጣ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ሳላውቀው ነው የምወጣ» ብለው መለሱት። ዘንድሮ ግን ክረምቱን ሙሉ አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ «ኅዳር ሦስትን እዚያ ካልዋልሁ፣ ለከርሞ የለሁም።» ስሜነሽም «እወስድሻለሁ እማየ» ብላ ቃል ገብታለች።

ጥቁሩ ቢስክሌት ምን እንደሆነ የታወቀው በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ዘውገ ኩራቱን በገበያ ፊት ሊያሳይ ስሜነሽን ከኋላ በጎን አስቀምጦ ቁልቁል ለቀቀው። ጭኗ ላይ ጨውና ጎመን ይዛለች። እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ድረስ ደህና ሄዱ።

በኛ አገር በቅሎ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትይዩ ሲደርስ ይወርዳል። ወርዶ ይሳለማል፣ ጥቂት በእግሩ ይሄዳል፣ ከዚያ ይወጣል። የጥንቱ ሹም ይህን ያደርግ ነበር፤ ዛሬ ማታ ማታ በውይይት ክበብ እግዜር የለም እያለ የሚለፈልፈው ጓድ እንኳ በቅሎ ላይ ሲሆን ይወርዳል። ቢስክሌት የመጣ ጊዜ ማንም ስለ እሱ ሕግ አላወጣም፤ የሚጋለብ ነገር ነውና ተወረደ፣ አለቀ። ላሊበላ ደግሞ በየመታጠፊያው ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ እዚህ አገር ቢስክሌት የሚመርጥ ሰው እንዴት ይነዳል ብሎ ሳይሆን እንዴት ይወረዳል ብሎ መምረጥ ነበረበት። ይህን ዘውገ አላሰበም፤ ያሰበው ደባሱን ነው።

ብቻውን ሲሆን እግሩን በኋላ አዙሮ ዘሎ ይወርድ ነበር። ያን ቀንም እንዲሁ እግሩን አዞረ። ተረከዙ የስሜነሽን አገጭ አገኘው። ጨው ወዲህ፣ ጎመን ወዲያ፣ ስሜነሽ መሐል መንገድ። ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። ከሳቂዎቹ መሐል ሽታዬ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስሜነሽን ከአገጯ ይልቅ ያ ትከሻ አመማት።

«በፊት በኩል ለምን አትወርድም?» ብላ ጮኸችበት ቤት ሲገቡ።

«ብረቱስ? ጋቢውስ? እንደ ፍየል ልዝለለው? ከእንግዲህ አልወርድም፤ አንገቴን ዝቅ አድርጌ አልፋለሁ።»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከአልጋቸው ቀና አሉ። «ማንን ይዘህ ነው አንገትህን ዝቅ አድርገህ የምታልፍ? እኔን ይዘህ?»

«ለእርስዎ ብየ ነው እማማ፣ እንዳልረግጥዎት።»

«አንገቱን ነቅንቆ የሚያልፍ ዶሮ ነው። እኔ ሳልወርድ በስንቱ ደጅ አልፌ ከጻድቁ ደጅ ልደርስ? ተወው፣ እዚሁ እሞታለሁ።»

በጥቁሩ መሄድ በዚህ ቀረ።

በማዶ ቤት ደግሞ ደባሱ አረንጓዴውን እያፈረ ይነዳው ነበር። «የሴት ነው» ብለው ሲያሾፉበት ጆሮው ይቀላል። ነገር ግን ሽታዬን ከኋላው አስቀምጦ ቤተ ክርስቲያን ትይዩ ሲደርስ ያቆማል፣ አንድ እግሩን መሬት ያስረግጣል፣ ሌላውን በዝቅተኛው ወገብ በኩል ወደ ጎን ሳብ ያደርጋል፤ ወረደ። ሽታዬም ከኋላው ሳትረገጥ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ስሜነሽ ይህን በአጥሩ ቀዳዳ ባየች ቁጥር ያገጯ ቁስል እንደ አዲስ ይቆጠቁጣታል። የእማየ ቢስክሌት ነው፤ ይህች ገልፋጣ ተቀምጣበት ትሄዳለች!

ሽማግሌ ልኮ እንለዋወጥ ማለት ይቻል ነበር እንዳትሉ። ሽማግሌ ለቢስክሌት አይላክም። ሽማግሌ ከገባ መጀመሪያ «ታረቁ» ይላል፤ ታረቁ ሲል «ደሞዝስ?» ይባላል፤ ደሞዝ ከተነሳ ዱላ ይነሳል። ቀበሌ እንዳይሄዱ ቀበሌው የደባሱ ቤት ነው።

ስሜነሽ ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ለማንም አላማከረችም። ጥቅምት ሃያ ሰባት የመድኃኔ ዓለም ዕለት ሁለቱም ባሎች ቢስክሌታቸውን ከግንቡ አስደግፈው ወደ ቅዳሴ ወረዱ። ጥቁሩ በዚህ ጥግ፣ አረንጓዴው በዚያ ጥግ። ስሜነሽ ከውጭ ቆማ ካህናቱ ወንጌል እስኪያነቡ ጠበቀች። ከዚያ ሄዳ የአረንጓዴውን መሪ ያዘች፣ እየገፋች ጥቁሩ ከነበረበት አስደገፈችው፤ ጥቁሩንም ወስዳ በአረንጓዴው ቦታ አቆመችው። ቀና ስትል ሽታዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አጣፍታ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

ስሜነሽ «ሌባ!» እስክትባል ጠበቀች። ሽታዬ ግን ዓይኗን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሳ አማተበች።

«ታዲያስ!» አለች ስሜነሽ በሆዷ። «ልታናግረኝ ነው? ኩራቷ ምላሷን አሰረው!» በዚያች ሰዓት ከቅዳሴው ይልቅ ይህ ደስ አሰኛት፤ እግዜር ይቅር ይበላት።

ቅዳሴ ሲወጣ ደባሱ ቀድሞ ደረሰ። ጥቁሩን በራሱ ቦታ ሲያገኘው ግራ ቀኙን አየ። ሰው ሲመኘው የከረመውን ነገር ደጁ ላይ ሲያገኝ ጥያቄ አያበዛም። መሪውን ጨብጦ፣ ጥቂት በእግሩ ገፍቶ፣ ወጣበትና ሄደ። ዘውገ ከኋላው ደረሰ። አረንጓዴውን አየ፣ የሚርቀውን ጥቁር አየ፣ «አን...» ብሎ አፉን ከፈተ፤ መሐላው ጉሮሮው ላይ ቆመ። አንድ ቃል ቢናገር የወንድሙን ሥጋ በላ። አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ቤት ሲገባ ግን ቃል አላጠረውም።

«ማነው ይህን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንች?»

«እኔ። ደስ ብሎኝ!»

«ደሞዝን ለገደለ ሰው ቢስክሌቴን ሰጠሽው?»

«ደሞዝ አልሞተም! አንተ ነህ በየቀኑ የምትገድለው።»

ዘውገ ከጥግ በትሩን አነሳ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ዘውገ፣ ያን በትር መጀመሪያ እኔ ላይ አሳርፈው፤ ከእሷ እኔ እቀርብሃለሁ» አሉ። ዘውገ በትሩን ወረወረው። «የቀሚስ ቢስክሌት በእጄ አልነካም! ብትፈልጊ ራስሽ ግፊው!» ብሎ ወደ መጋዘኑ ሄደ። እስከ ኅዳር ሦስትም አላናገራት።

ኅዳር ሦስት ጠዋት ስሜነሽ ራሷ ገፋችው። መጫኛው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አሰረች፣ እናቷን አስቀመጠች፣ ቅርጫቱ ውስጥ ቅልና ዳቦ አደረገች፤ በአንድ እጇ መሪውን፣ በአንድ እጇ የእናቷን ወገብ ይዛ ወጣች። መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቷል። በየቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ታቆማለች፤ ወይዘሮ ወለተ ማርያም እግራቸውን ብቻ ዘርግተው መሬት ይረግጣሉ፣ ይሳለማሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ። «ይህስ ከበቅሎዋም ይሻላል» አሉ። ስሜነሽ ክንዷ እየዛለ፣ ላቧ እየወረደ ደስ ብሏት ነበር። ነጥቃ ያመጣችው ነው፤ ከጠላት አፍ ነጥቃ። ያ ደግሞ ለብቻው ይጣፍጣል።

የነአኩቶ ለአብ ገደል ከሩቅ የሚታይበት መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ከኋላ ደወል ተንቃጨለ። ደባሱ ነው፤ ጥቁሩን እየነዳ፣ ሽታዬን ከኋላ አስቀምጦ። እዚያች ቦታ ላይ ሁሉ ይወርዳል፤ ደባሱም እግሩን በኋላ አዞረ። ሽታዬ አስቀድማ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ነበር፤ ቢሆንም ጫማው ከንፈሯን አገኘው። ጠጠሩ ላይ ተዘረረች።

«አጎንብሽ ብየሽ አልነበር?» አለ ደባሱ፣ የወደቀችውን ሳይሆን ቢስክሌቱን እየደገፈ።

ስሜነሽ በዚያች ቅጽበት ልትስቅ ይገባ ነበር። ይህን ሳቅ ከገበያው ቀን ጀምሮ አዘጋጅታው ነበር። ሽታዬ ተነስታ ደም ስትተፋ ስታይ ግን ሳቁ አልመጣላትም፤ በምትኩ የመጣው ንዴት ነው፤ በማን ላይ እንደሆነም አላወቀችው። ሁለት ዓመት የተዘጋው አፏ ተከፈተ።

«ምን ያለሽ ደንቆሮ ነሽ? ሲወርድ እንደሚረግጥ አታውቂም?»

ሽታዬ ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች። «አንችን ሲረግጥሽ አይቸ የለም?»

«ታዲያ የመድኃኔ ዓለም ዕለት እያየሽኝ ለምን ዝም አልሽ?»

ሽታዬ አልፋት ወደ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሄደች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። «እንደምን አደሩ እማማ» ስትል ድምፅዋ የሌላ ሰው ነው፤ ለስላሳ። አሮጊቷ እጃቸውን ሰድደው ፊቷን ዳበሱ።

«ሽታዬ ነሽ? ይህ ደም ነው ልጀ?»

«ጥርሴ ነው እማማ፣ ምንም አልሆንሁ። እንኳን አደረሰዎት።»

ከዚያ ቀና ብላ ወደ ስሜነሽ ዞረች። ልስላሴው የለም።

«ልጆቸን ሁሉ የተቀበሉ እኒህ እጆች ናቸው። መጨረሻውን የወለድሁ ለት እኔም እሱም ሞተን ነበር፤ እሳቸው ናቸው የመለሱን። ኅዳር ሦስትን እዚያ አልጋ ላይ እንዳይውሉ ብየ ነው ዝም ያልሁሽ። አየሁሽ፤ እያየሁሽ ተውሁሽ። ላንች መስሎሽ ነበር? ላንችስ የረገጥሁትን አፈር አልሰጥሽ!»

ነጠላዋን አጣፋች። ደባሱ «ነይ ተቀመጭ» ቢላት፣ «በእግሬ እሄዳለሁ» አለችው፤ ከሰዉ ጋር ተቀላቅላ ቁልቁል ወረደች። ደባሱ ጥቁሩን እየገፋ ከኋላዋ ሄደ።

ስሜነሽ እዚያው ቆመች። ነጥቄ አመጣሁ ብላ የኮራችበት ነገር ምጽዋት ኖሯል፤ ያውም ከሽታዬ፤ ያውም በሽታዬ ጥርስ የተከፈለ። ሌባ መሆን ስንት ጊዜ ይሻላት ነበር። ሌባ ቢያንስ ቀና ብሎ ይሄዳል። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ፤ የእናቷ ዓይን መድከሙን ያን ጊዜ አመሰገነች።

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሁሉን ሰምተዋል፤ ጆሯቸው አልደከመም።

«ቅሉ ስንት ነው የያዝሽ?» አሉ።

«ሁለት ነው እማየ።»

«ሁለቱንም ጸበል ሙይ። አንዱ ለሽታዬ ከንፈር ነው፤ ማታ በእጅሽ ትወስጅላታለሽ።»

«እኔ? አፈር አልሰጥሽም እያለችኝ? በሩን ብትዘጋብኝስ?»

«ብትዘጋብሽ ደጃፏ ላይ ካለው ድንጋይ አስቀምጠሽ ፈቀቅ በይ። ባሎቻችሁ ቁልፍ እንደዚያ አይደል የሚቀባበሉ?»

ስሜነሽ የእናቷን ብርድ ልብስ አስተካከለች፣ መሪውን ጨበጠች፣ ሽታዬ በሄደችበት መንገድ ገፋች።